ከሮም ደርሶ መልስ፦ ብዙም የማይወራላቸው አራት ቦታዎች፣ ከመነሻ ጣቢያ እስከ መጨረሻው አውቶቡስ

ዘመድ ሮም ይመጣል። ኮሎሴዎም ታየ፣ ቫቲካን ታየ፣ ትሬቪ ላይ ፎቶ ተነሳ። ከዚያ «ወጣ ብንልስ?» ይባላል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ይሰበሰባል፣ ቡና ይጠጣል፣ ወደ ቀትር ግድም ዋናው ባቡር ጣቢያ ተርሚኒ ይደረሳል። የቀረውን ታውቁታላችሁ። አውቶቡሱ የሚነሳው ከሌላ ቦታ ነው። እንደምንም ሲደረስ በሩ ለምሳ ተዘግቷል። መመለሻው ደግሞ ከሰዓታት በኋላ ነው፣ ወይም ጭራሽ የለም።

ጉዞው የሚበላሸው በሦስት ነገር ነው፦ በቀኑ፣ በመነሻ ጣቢያውና በመመለሻው። ስለዚህ እዚህ ሥራውን ከመጨረሻው እንጀምራለን። መጀመሪያ መመለሻው ይያዛል፣ መሄጃው ኋላ ይመጣል።

ቦታዎቹ አራት ናቸው፦ ኦስቲያ አንቲካ፣ ብራቻኖ፣ ፓሌስትሪና እና ሱቢያኮ። ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደርድሬያቸዋለሁ። መኪና አያስፈልግም።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር። እዚህ ያለው ሰዓት ሁሉ ጣቢያው ሰሌዳ ላይ እንደሚታየው ነው የተጻፈው። 15:30 ሲባል በእኛ ከቀኑ 9:30 ነው። ከአዲስ አበባ ለመጣ እንግዳ ይህን ቀድማችሁ ንገሩት። «በ3 ሰዓት እንገናኝ» ብላችሁ አንዱ በ9:00፣ ሌላው በ15:00 ጣቢያ ቢቆም ጥፋቱ የማንም አይደለም።

ደረጃ 1፦ ቀኑን ምረጡ

ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ ወይም ቅዳሜ ሂዱ። ምክንያቱ እነሆ።

ሰኞ ብዙ የመንግሥት ሙዚየሞችና የፍርስራሽ ቦታዎች ይዘጋሉ። ኦስቲያ አንቲካም ሰኞ ዝግ ነው።

ዓርብ የሥራ ማቆም አድማ ይበዛል። ጣሊያኖች «ሾፔሮ» ይሉታል። ቀኑ ቀድሞ ስለሚታወጅ በዋዜማው አረጋግጡ። አድማ ካለ ባቡሮች በሥራ ቀን ከ6:00 እስከ 9:00 እና ከ18:00 እስከ 21:00 ባለው ጊዜ የተወሰነ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ አለባቸው። በእነዚህ ሰዓታት ሄዶ መመለስ ይቻላል የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን ቀኑን ቀይሩ እላለሁ።

እሑድ አውቶቡስ ይሳሳል። የጊዜ ሰሌዳ ስታነቡ ሦስት ቃላት ፈልጉ። «ፌሪያሌ» ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ነው። «ፌስቲቮ» እሑድና በዓል ነው። «ስኮላስቲኮ» ትምህርት ቤት ክፍት በሆነበት ቀን ብቻ የሚሄድ ነው። ብዙ ሰው የሚጠፋው እዚህ ጋ ነው፦ በሐምሌ የ«ስኮላስቲኮ»ውን አውቶቡስ ቆሞ ይጠብቃል። ሰሌዳው ላይ አለ፣ መንገዱ ላይ የለም።

በዓላቱንም ተጠንቀቁ፦ ኤፕሪል 25፣ ሜይ 1፣ ጁን 2፣ ኦገስት 15። በተለይ ኦገስት 15 ሬስቶራንቱም፣ ሲጋራና የአውቶቡስ ቲኬት የሚሸጠው ሱቅም (ታባኪ) ይዘጋል። የእነሱ ፋሲካ ማግስት ሰኞ ደግሞ ሮም በሙሉ ሽርሽር ይወጣል፣ መቀመጫ አታገኙም። የእኛ ፋሲካ ግን ብዙ ጊዜ ከእነሱ ጋር ስለማይገጥም ማግስቱ ለጣሊያኖች ተራ የሥራ ቀን ነው። ፈቃድ ለማግኘት ከቻላችሁ የማክሰኞው ቀን በጣም ምቹ ነው።

ደረጃ 2፦ መመለሻውን ጻፉ

ይህን ከቤት ሳትወጡ፣ በዋዜማው ማታ ሥሩት።

1. የመጨረሻውን አውቶቡስ ወይም ባቡር ሰዓት ፈልጉ። ለባቡር የትሬኒታሊያ፣ ከሮም ውጭ ለሚሄድ አውቶቡስ የኮትራል (የክልሉ አውቶቡስ ድርጅት) መተግበሪያ ይሠራል።
2. ከእሱ በፊት ያለውን ፈልጉ። የእናንተ መመለሻ ይሄኛው ነው። የመጨረሻው መጠባበቂያ ብቻ ነው።
3. ሁለቱንም ሰዓት ከፌርማታው ስም ጋር በወረቀት ጻፉ። ስክሪንሾትም አንሱ። ስልክ ባትሪ የሚጨርሰው ሁልጊዜ ማታ ነው።
4. ከመመለሻው ተነስታችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ለመንገድ፣ ለምሳ፣ ለቦታው ምን ያህል ያስፈልጋል? በቦታው ላይ ቢያንስ ሦስት ሰዓት የማይተርፋችሁ ከሆነ ያን ቀን አትሂዱ።

ደረጃ 3፦ ከየት እንደምትነሱ እወቁ

ሰው ሁሉ ተርሚኒ ይሄዳል። እኔ የምመክራችሁ መነሻ ግን ለአራቱም ሌላ ቦታ ነው።

ኦስቲያ አንቲካ፦ ፖርታ ሳን ፓኦሎ ጣቢያ። ሜትሮ ቢ ፒራሚዴ ውረዱ፣ ጎኑ ነው።
ብራቻኖ፦ ኦስቲየንሴ (ከፒራሚዴ ሜትሮ ጋር የተያያዘ)፣ ትራስቴቬሬ ወይም ቫሌ አውሬሊያ (ሜትሮ ኤ)።
ፓሌስትሪና፦ አናኚና፣ የሜትሮ ኤ መጨረሻ።
ሱቢያኮ፦ ፖንቴ ማሞሎ፣ ሜትሮ ቢ።

ሜትሮ ቢ ቦሎኛ ጣቢያ ላይ ለሁለት ይከፈላል። ለፖንቴ ማሞሎ «ሬቢቢያ» የሚል ባቡር ያዙ። «ዮኒዮ» የሚለው አይወስዳችሁም። ተሳስታችሁ ከገባችሁ ቦሎኛ ላይ ውረዱና ቀጣዩን ጠብቁ።

ደረጃ 4፦ ቲኬቱን አሟሉ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ቅጣት የሚበላው ሰው አብዛኛው ቲኬት ገዝቷል፤ የጎደለው ማስመታቱ ነው።

የወረቀት የባቡር ቲኬት፦ ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ውስጥ ባለው ትንሽ ማሽን አስመቱ። ማሽኑ ቀንና ሰዓት ያትምበታል። ያልተመታ ቲኬት እንዳልተገዛ ነው የሚቆጠረው። ማሽኑ ከተበላሸ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የጣቢያውን ስም በእስክሪብቶ ቲኬቱ ላይ ጻፉ። ከዚያ ተቆጣጣሪው ወደ እናንተ ከመምጣቱ በፊት እናንተ ሄዳችሁ ንገሩት። ይህ ቅደም ተከተል ለውጥ አለው።

በስልክ የተገዛ የክልል ባቡር ቲኬት፦ መግዛቱ ብቻ አይበቃም። ከመሳፈራችሁ በፊት መተግበሪያው ውስጥ ወይም በተላከላችሁ ሊንክ «ቼክ ኢን» አድርጉ። ለሦስት ሰው ከገዛችሁ ለሦስቱም መደረጉን እዩ። ባቡሩ ከተነሳ በኋላ ኢንተርኔት ቢጠፋ ሰበብ አይሆንም።

የኮትራል አውቶቡስ ቲኬት፦ ታባኪ ወይም ጋዜጣ መሸጫ ግዙ፣ አውቶቡሱ ውስጥ አስመቱ። መሄጃውንና መመለሻውን ጠዋት በአንድ ላይ ግዙ። ትናንሽ ከተሞች ውስጥ ታባኪ ለምሳ ይዘጋል፣ እሑድ ደግሞ ክፍት ላታገኙ ትችላላችሁ። ሾፌሩ ጋ መግዛትን እቅድ አታድርጉት።

ቢርግ፦ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ሮም ያለችበት የላዚዮ ክልል የአንድ ቀን ቲኬት ነው። ሜትሮውን፣ የከተማ አውቶቡሱን፣ ኮትራልን እና የክልሉን ሁለተኛ ማዕረግ ባቡር በአንድ ቲኬት ያሳፍራል። ዋጋው በዞን ነው፤ ቦታው በራቀ ቁጥር ይጨምራል። ስትገዙ የምትሄዱበትን ከተማ ስም ንገሩት፣ ሻጩ ዞኑን ያውቀዋል። ስማችሁን ጻፉበት፣ የመጀመሪያው ጉዞ ላይ አስመቱት፣ እኩለ ሌሊት ድረስ ይሠራል። ለፓሌስትሪና፣ ለብራቻኖና ለሱቢያኮ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ለኦስቲያ አንቲካ አያስፈልግም፤ ተራው የሮም የሜትሮ ቲኬት እዚያ ድረስ ይወስዳል።

ደረጃ 5፦ ቦርሳው

ውሃ፣ ኮፍያ፣ የማያዳልጥ ጫማ፣ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት፣ ቻርጀር፣ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ። ለሱቢያኮ ነጠላ ወይም ትከሻ የሚሸፍን ልብስ ጨምሩ። ሜትሮ ውስጥ ቦርሳችሁን ወደ ፊት አድርጉ፤ ሌባው ከቱሪስቱ ጋር አብሮ ነው የሚሳፈረው።

ደረጃ 6፦ መሳፈርና መውረድ

1. ከመነሻው 20 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። ተርሚኒን የምትጠቀሙ ከሆነ 30 አድርጉት። እዚያ ከ25 በላይ ያሉት መድረኮችና «ኤስት» የሚባሉት ከዋናው አዳራሽ ሩቅ ናቸው፣ ሩጫ ይፈልጋሉ።
2. ሰሌዳው ላይ «ቢናሪዮ» የሚለውን አምድ እዩ፤ የመድረኩ ቁጥር ነው። ቁጥሩ በመጨረሻ ሰዓት ሊቀየር ይችላል። ሰው በአንድ ጊዜ ግር ብሎ ሲነሳ ካያችሁ ጠይቁ።
3. የኮትራል አውቶቡስ መንገድ ላይ ስትጠብቁ እጃችሁን ዘርጉ። ዝም ብሎ ለቆመ ሰው አይቆምም።
4. ሾፌሩን የከተማውን ስም ብቻ ጥሩለት፦ «ሱቢያኮ?» «አዎ» ካለ ግቡ።
5. ስትወርዱ ከፌርማታው ከመራቃችሁ በፊት «መመለሻው ከየት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ከመንገዱ ማዶ ነው፣ አንዳንዴ ግን ሌላ አደባባይ ላይ ነው። ፎቶ አንሱት። ይህን ሳታደርጉ አንድ እርምጃ አትሂዱ።

ጉዞ ሀ፦ ኦስቲያ አንቲካ

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ ከዚህ ጀምሩ። የጥንቷ ሮም የወደብ ከተማ ናት። ከፖርታ ሳን ፓኦሎ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው።

1. «ኦስቲያ አንቲካ» ላይ ውረዱ። «ሊዶ» የሚል ስም ካያችሁ አልፋችኋል፤ እነዚያ የባሕር ዳርቻ ጣቢያዎች ናቸው። ውረዱና በተቃራኒው ተመለሱ።
2. ከጣቢያው ወጥታችሁ በእግረኛ ድልድዩ ዋናውን መንገድ ተሻገሩ፣ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ።
3. በመክፈቻው ሰዓት ግቡ። ጥላ ጥቂት ነው። በጁላይና ኦገስት ከ12:00 በኋላ እዚያ መንከራተት ቅጣት ነው።
4. በዋናው የድንጋይ መንገድ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ። በስተቀኝ መጀመሪያ የኔፕቱን መታጠቢያ ይገኛል፣ ከዚያ ቲያትሩ።
5. ከቲያትሩ ጀርባ ዙሩ። ብዙ ሰው ቲያትሩ ላይ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል፣ ትልቁን ነገር ሳያይ። የነጋዴዎቹ አደባባይ ያለው እዚያ ነው። በየቢሮው ደጃፍ መሬቱ ላይ በጥቁርና ነጭ ጠጠር የተሠራ ምልክት አለ። ዝሆን ያለበትን ፈልጉ፤ የሊቢያዋ ሳብራታ ነጋዴዎች ነው።
6. ቀጥሎ ቴርሞፖሊዩም የሚባለውን መጠጥ ቤት ግቡበት። ባንኮኒው እንደቆመ ነው። ግድግዳው ላይ የሚሸጠው ምግብ ተስሏል።

በወሩ የመጀመሪያ እሑድ መግቢያው ነጻ ነው። ለቤተሰብ ጥሩ ነው፤ ግን ያን ቀን ሰው ይበዛል። መሬቱ ወጣ ገባ ድንጋይ ስለሆነ የሕፃን ጋሪ ያስቸግራል።

ጉዞ ለ፦ ብራቻኖ

ሐይቅና ግንብ ለሚፈልግ፣ ልጅ ላለው። ሐይቁ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ነው። የሞተር ጀልባ የተከለከለበት ስለሆነ ጸጥ ያለ ነው።

ወጥመዱ አንድ ነው። በዚህ መስመር የሚሄዱት ባቡሮች ሁሉ ብራቻኖ አይደርሱም። ብዙዎቹ ቼዛኖ ላይ ያበቃሉ። ሰሌዳው ላይ መድረሻው «ብራቻኖ» ወይም «ቪቴርቦ» መሆኑን ሳታዩ አትግቡ። ቼዛኖ ላይ ከተራገፋችሁ ከጣቢያው አትውጡ፤ ቀጥሎ የሚያልፈውን የቪቴርቦ ባቡር ጠብቁ።

ሁለተኛ፣ አንጉዪላራ የሚል ጣቢያ ቀድሞ ይመጣል። ስሙ የሐይቁ ዳር ከተማ ስም ስለሆነ ሰው ዘሎ ይወርዳል። ጣቢያው ከውሃው ሩቅ ነው። ተቀመጡ።

ብራቻኖ ከወረዳችሁ ግንቡ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። መጀመሪያ ግንቡን እዩ፣ ከዚያ ወደ ውሃው ውረዱ። መንገዱ ቁልቁለት ነው። ስትመለሱ ግን ያው ቁልቁለት ዳገት ይሆናል፤ እማማን ይዛችሁ ከሆነ ለመመለሻው አንድ ሰዓት መድቡ ወይም ከላይ ሆናችሁ አይታችሁ ይብቃችሁ። ከላይም ያምራል።

ጉዞ ሐ፦ ፓሌስትሪና

ለሐበሻ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ከሮም በስተምሥራቅ ተራራ ላይ የተለጠፈች ከተማ ናት። እዚህ ሙዚየም ውስጥ ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሠራ የዓባይ ወንዝ ሞዛይክ አለ። ሞዛይኩ ላይ የወንዙ ጉዞ የሚጀምረው ከኢትዮጵያ ነው።

1. በ8:30 አናኚና ሁኑ። ከሜትሮው ስትወጡ የኮትራል አውቶቡሶች የሚቆሙበትን ፈልጉ። ግንባሩ ላይ «ፓሌስትሪና» የሚል ያዙ። እንደ ትራፊኩ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል።
2. መሃል ከተማ ውረዱ። የመመለሻውን ፌርማታ ፎቶ አንሱ።
3. ካቴድራሉ ያለበት ሬጂና ማርጌሪታ አደባባይ ድረስ ሂዱ። ቡና ጠጡ፣ ሽንት ቤት ግቡ፣ እረፉ። ከዚህ በላይ ያለው ደረጃ ብቻ ነው።
4. ወደ ላይ ውጡ። ሙዚየሙ ከከተማው አናት ላይ ባለው የባርበሪኒ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ጉልበት የሚያማቸው ሰዎች ካሉ ቀስ ብላችሁ፣ በየእርከኑ እየቆማችሁ ውጡ። የምትረግጡት እርከን ራሱ የጥንቱ የፎርቱና ቤተ መቅደስ አካል ነው። በ1944 እ.ኤ.አ. የደረሰው የቦምብ ድብደባ ላዩ ላይ የነበሩትን ቤቶች አፍርሶ ነው የተገለጠው።
5. ሙዚየሙ ውስጥ መጀመሪያ ወደ ላይኛው ፎቅ ሂዱ። ሰው ከታች ጀምሮ ሐውልት እያየ ይደክምና ሞዛይኩ ጋ ሲደርስ እግሩ አልቋል።

ሞዛይኩ ወደ ስድስት ሜትር ገደማ ይሰፋል። ቆማችሁ ከላይ ወደ ታች አንብቡት። ከላይ ድንጋያማ አገር አለ፦ ጥቁር አዳኞች ቀስት ይዘው፣ ዙሪያቸውን አውሬ። በብዙዎቹ አውሬዎች አጠገብ ስማቸው በግሪክኛ ፊደል ተጽፏል። አውራሪሱን ፈልጉ። «አዞ-ነብር» ተብሎ የተሰየመም አለ፤ ሠዓሊው አይቶት ይሁን ሰምቶት እንጃ። ግሪኮች ያኔ ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ስለሆነ ከዛሬው ካርታ ጋር አንድ ለአንድ አታመሳስሉት። ወደ ታች ስትወርዱ ውሃው እየሰፋ ይሄዳል፦ ጉማሬ፣ ጀልባ፣ የግብፅ ቤተ መቅደሶች፣ ጎርፍ የከበባቸው ቤቶች። ጎርፉ ከየት እንደሚመጣ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

አንድ ሰዓት ስጡት። ልጆች ካሉ አውሬ አስቆጥሯቸው።

6. በ13:00 ውረዱና ምሳ ብሉ። ከምሳ በኋላ ብዙ ነገር ስለሚዘጋ ከተማውን ዞር ዞር ብላችሁ ወደ ፌርማታው ሂዱ።

ካልሆነስ? የአናኚናው አውቶቡስ ከቀረ ዛጋሮሎ የሚባል ባቡር ጣቢያ ቅርብ ነው። ከፓሌስትሪና እዚያ የሚወስድ አውቶቡስ አለ፣ ከዚያ በባቡር ተርሚኒ ትገባላችሁ። በመሄጃውም ይሠራል፣ በተለይ መንገዱ በትራፊክ የሚዘጋበት ጠዋት። ይህን አማራጭ ወረቀታችሁ ላይ ጻፉት።

ጉዞ መ፦ ሱቢያኮ

ከባዱ ይሄ ነው። ከሮም ወደ 70 ኪሎሜትር ይርቃል፣ ባቡር የለውም፣ የሚታየው ነገር ደግሞ ከከተማው በላይ ዳገት ላይ ነው። ቅዱስ ቤነዲክት ሦስት ዓመት በዋሻ የኖረበት ነው። ገዳሙ ከገደሉ ጋር ተጣብቆ ተሠርቷል፤ ላሊበላን ያየ ሰው እንኳ ቆም ብሎ ያየዋል።

1. ከ7:30 ሳያልፍ ፖንቴ ማሞሎ ድረሱ። አንዳንዱ አውቶቡስ በአውራ ጎዳናው፣ ሌላው በድሮው የቲቡርቲና መንገድ በየመንደሩ እየቆመ ይሄዳል። «ኤ 24» ወይም «አውቶስትራዳ» የሚለውን ያዙ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።
2. ሱቢያኮ ስትወርዱ ቡና ላይ አትቆዩ። ገዳማቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ12:30 እስከ 15:00 ለምሳ ይዘጋሉ። ጉዞው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ በ12:15 ላብ በላብ ሆኖ በር ላይ መድረስ፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት ተኩል ፀሐይ ላይ መቀመጥ።
3. መንገዱ ሦስት ኪሎሜትር ገደማ ዳገት ነው። አንድ ሰዓት መድቡ። መጀመሪያ የሳንታ ስኮላስቲካን ገዳም ታያላችሁ። አትግቡ። እለፉ።
4. መጀመሪያ ላይኛው ሳን ቤኔዴቶ ግቡ። ውስጡ ደረጃ በደረጃ እየወረደ ወደ ዋሻው ይደርሳል። ትንሹን የጎርጎርዮስ ጸሎት ቤት አትለፉ። ግድግዳው ላይ የፍራንቸስኮ ዘአሲዚ ሥዕል አለ። ራሱ ላይ የብርሃን አክሊል የለውም፤ ቅዱስ ከመባሉ በፊት፣ በሕይወት ሳለ የተሳለ ነው ይባላል።
5. ስትወርዱ ሳንታ ስኮላስቲካ ግቡ፣ ጊዜው ከደረሰ። ካልደረሰ ምሳ በልታችሁ ከ15:00 በኋላ። በ1465 እ.ኤ.አ. በጣሊያን ምድር የመጀመሪያው ማተሚያ የተተከለው በዚህ ገዳም ነው።

ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። አረጋውያን ይዛችሁ ከሆነ በእግር አትውሰዷቸው፤ ከተማው ውስጥ ያለ ባር ታክሲ እንዲጠራላችሁ ጠይቁ፣ ዋጋውንም ሳትሳፈሩ ተስማሙ።

ሱቢያኮ የምትሄዱ ሐበሾች ሌላ ነገርም እወቁ። ከዚያ ጥቂት ኪሎሜትር ርቆ አፊሌ የምትባል መንደር አለች። በ2012 እ.ኤ.አ. ለግራዚያኒ መታሰቢያ የተሠራባት ናት። የየካቲት 12ቱ ግራዚያኒ። አውቶቡሱ ላይ ስሟን ብታዩ እንዳትደነግጡ ነው የነገርኳችሁ።

ምሳ፦ ጾምና አሳማ

ወጥ ቤቶች ከ12:30 እስከ 14:30 ገደማ ነው የሚሠሩት። በ15:00 ርቦን ገባን ብትሉ ሳንድዊች ካገኛችሁ እድለኞች ናችሁ።

አሳማ ለማትበሉ፦ ካርቦናራ፣ አማትሪቻናና ግሪቻ ውስጥ ጓንቻሌ አለ፣ የአሳማ ጉንጭ ነው። ፖርኬታ ሙሉው አሳማ ነው። ባቄላ ነው ብላችሁ የምታዙት «ፋጆሊ ኮን ሌ ኮቲኬ» የአሳማ ቆዳ አለበት። «ሴንሳ ካርኔ» (ያለ ሥጋ) ማለት አይበቃም፤ ለአንዳንድ ወጥ ሠሪ ጓንቻሌ ማጣፈጫ እንጂ ሥጋ አይደለም። «ሴንሳ ማያሌ» (ያለ አሳማ) በሉ።

ለጾመኛ፦ ረቡዕ ከሄዳችሁ ስፓጌቲ አል ፖሞዶሮ «ሴንሳ ፎርማጆ» (ያለ ቺዝ) እዘዙ። ፌቱቺኔ አትዘዙ፣ ሊጡ እንቁላል አለው። ፒዛ ከሆነ ማሪናራ ነው፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት፣ ቺዝ የለውም። ቺኮሪያ የሚሉት ጎመን መሳይ ቅጠልም በዘይትና በነጭ ሽንኩርት ጠብሰው ያመጡታል። ጠረጴዛው ላይ ሳትጠይቁ የመጣ ዳቦ ሊከፈልበት ይችላል።

ነገር ሲበላሽ

አውቶቡሱ ካልመጣ፦ 20 ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ወረቀታችሁን አውጡና ቀጣዩን እዩ። የመጨረሻው ብቻ ከቀረ አንድ ሰው ፌርማታው ላይ ይቁም፣ ሌላው በአቅራቢያው ያለ ባር ሄዶ ይጠይቅ። ሁላችሁም አትሂዱ።

በተሳሳተ ባቡር ከገባችሁ፦ ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ውረዱ። ተቆጣጣሪ ካለ ከመውረዳችሁ በፊት ንገሩት። «ምናልባት ይዞር ይሆናል» ብላችሁ አትቀመጡ።

ተቆጣጣሪ ከቀጣችሁ፦ አትሟገቱ፣ ቲኬታችሁን አሳዩ፣ ያደረጋችሁትን አስረዱ። ካልተቀበለ ወረቀቱን ተቀበሉ። ቶሎ ሲከፈል ቅጣቱ ይቀንሳል።

ከዘመድ ከተለያያችሁ፦ ሕጉን ጠዋት ተስማሙበት። የጠፋ ሰው ወደወረድንበት ፌርማታ ይመለሳል፣ ከዚያ አይነቃነቅም። ባቡር ውስጥ ከቀረ ቀጣዩ ጣቢያ ወርዶ ይጠብቃል፣ እናንተ ትሄዳላችሁ። ጣሊያንኛ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች ስልክ ቁጥራችሁንና የጣቢያውን ስም ጽፋችሁ ኪሳቸው ውስጥ ክተቱ።

ሰው ከታመመ፦ 112 ደውሉ። በመጀመሪያ የከተማውን ስም፣ ቀጥሎ የፌርማታውን ወይም የገዳሙን ስም ተናገሩ።

የመጨረሻው አውቶቡስ ካመለጠ፦ ከፓሌስትሪና ታክሲ እስከ ዛጋሮሎ ጣቢያ ያዙ። ከብራቻኖ የባቡር መስመሩ ላይ ስለሆናችሁ ብዙም አትቸገሩ፣ ሰሌዳውን ብቻ እዩ። ከሱቢያኮ ግን በሌሊት ታክሲ እስከ ሮም ኪስ ያራቁታል። ሳይመሽ ማደሪያ ጠይቁ፤ ሳንታ ስኮላስቲካ ገዳም የእንግዳ ማረፊያ አለው። ዋጋው ከታክሲው ይሻላል፣ ጠዋት የመጀመሪያውን አውቶቡስ ይዛችሁ ሥራ መግባትም ትችሉ ይሆናል።